የሽቦ እንቅልፍ

የሰው ገላ ያስጠላኛል ብል ማንም አያምነኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ጭን ሳሽ፣ የሰው ቁርጭምጭሚት ስጠመዝዝ፣ የሰው የእግር ጥፍር ስቆርጥ የኖርኩ የእግር ኳስ ቡድን ወጌሻ ነኝ። ሜዳ ላይ የወጣ ላብ ላብ ነው፤ ታጥቦ ይሄዳል። እኔ የምለው ከረጅም በረራ የወረደውን ገላ ነው። አሥራ አራት ሰዓት ተጣጥፎ የከረመ ሃያ ሦስት ጎረምሳ አንድ አውቶቡስ ውስጥ ሲታጨቅ የሚነሳውን ሽታ የቀመሰ ያውቀዋል። የካልሲ ነው እንዳልል የካልሲ ብቻ አይደለም፤ የአፍ ነው እንዳልል የአፍ ብቻ አይደለም። የታመቀ ፈስ፣ የተፋቀ ወንበር፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ዶሮና የሌላ ሰው ትንፋሽ አንድ ላይ የተቦካ ነገር ነው። አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ሳምንት ይቀመጣል።

ሽታው ይሁን። እግራቸው ያብጣል። ባታቸውን በሜትር ስለካው ሁለት ጣት ጨምሮ አገኘዋለሁ፤ የካልሲው ላስቲክ ሥጋው ውስጥ ሰምጦ ቀለበት ሠርቶ ይቀራል። አንዱ ሦስት ቀን ሆዴ አልሄደም ብሎ ሆዱን ታቅፎ ይመጣል፣ ሌላው በየሩብ ሰዓቱ ይሮጣል። ገላ የራሱ ሰዓት አለው። ሰባት ሰዓት ወደፊት ወስደህ ስታወርደው ዓይኑ ንጋት ያያል፣ ሆዱ ገና እራት ይጠብቃል፣ ጡንቻው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። የተጎዳ ጡንቻ ደግሞ የሚጠገነው በእንቅልፍ ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፣ እጅ ያውቀዋል። ያልተኛ ሰው ጭን ከእጅ በታች እንደ እርጥብ ገመድ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ሽቦ ለመናገር ነው። ሽቦ የታናሽ እህቴ ልጅ ነው። ስሙን ያወጡለት የቡድን ጓደኞቹ ናቸው፤ ቀጭን ነው፣ ይተጣጠፋል፣ አይሰበርም ብለው። በግራ መስመር ነው የሚጫወተው። ከጉዞው ስድስት ሳምንት በፊት የቀኝ ጭኑ የኋላ ጡንቻ ተሰንጥቆበት፣ አሽቼ፣ በረዶ ይዤ፣ ደረጃ አስወጥቼ አስወርጄ በእግሩ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ውሉ በዚያው ወር ያልቅ ነበር። አሰልጣኙ በግልጽ ነግሮታል፦ በዚህ ጨዋታ ተሰልፎ እግሩ ከቻለ ይታደስለታል፤ ካልቻለ ቦታውን የሚፈልግ ሞልቷል። ስንሸኝ እህቴ እጄን ይዛ «ወንድም ጋሼ፣ እግሩን አደራ» አለችኝ። እኔም «ለእግሩ ከኔ በላይ ማን አለው?» አልኳት። ያ አነጋገሬ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ያቅለሸልሸኛል።

አሰልጣኙ በዕድሜ ከኔ አሥራ አምስት ዓመት ያንሳል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፋቱ ወረቀት ማመኑ ነው። በዚያ ዓመት ለተጫዋቾቹ ሁሉ ጥቁር የጎማ የእጅ ማሰሪያ አደላቸው። አስረውት ሲተኙ፣ ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ ስንቴ እንደነቁ፣ ልባቸው ስንት ጊዜ እንደመታ ጠዋት አሰልጣኙ ስልክ ላይ ይመጣል። ልጆቹ «ሰላይ» ይሉታል። ሕጉ አጭር ነበር። ለአንድ ቦታ ሁለት ሰው ካለ፣ ከጨዋታው በፊት ባሉት ሦስት ሌሊቶች የበለጠ የተኛው ይሰለፋል። በሰላዩ ያጭበረበረ ደግሞ ከቡድኑ ይሰናበታል። ሐሳቡ ደግ ነው፣ አልክድም። ግን እስቲ ይታሰብ፤ «ካልተኛህ አትጫወትም» የተባለ ሰው በምን ተአምር ነው የሚተኛው?

ለበረራው የሚዘረጉ ወንበሮች፣ አልጋ ማለት ናቸው፣ ሁለት ተገኙ። አንዱን ቡድን መሪው ለራሱ አደረገ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፤ ጠይቆ የሚያውቅም የለም። ሁለተኛውን እኔ በጽሑፍ ለሽቦ አስፈቀድኩ። «ተጎጂው ተጫዋች እግሩን ዘርግቶ ይጓዝ» ብዬ ፈርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ። አሰልጣኙ ሜዳውን ለማየት ሁለት ቀን ቀድሞን ሄዶ ስለነበር በስልክ አነበብኩለት። «እንዲህ ነው ሥራ፣ ጋሼ» አለኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ስገባ ሽቦ ከፊተኛው መጋረጃ ሥር ቆሞ ጠበቀኝ። ቦርሳዬን ከእጄ ተቀበለኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ይሁኑ። ያ ወገብዎ የኋላውን ወንበር አይችለውም።»

«ተው እንጂ! ታማሚው አንተ አይደለህ?»

«እኔ ወጣት ነኝ፣ የትም እተኛለሁ። እርስዎን ከኋላ አስቀምጬ እኔ እዚህ ተጋድሜ ልሂድ? እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች?»

ከኋላው የተሰለፉት ልጆች «እውነቱን ነው፣ ጋሼ ይተኙ፣ ጋሼ ይተኙ» እያሉ ተንጫጩ። ቡድን መሪው ጫማውን አውልቆ፣ የእግሩን ጣቶች በካልሲው ውስጥ እያፍታታ፣ ሳያየን «ለትልቅ ሰው ይገባል» አለ። ሁለቴ እምቢ አልኩ፣ ለወጉ ያህል። ሦስተኛውን አልጠበቅኩም። ወገቤ ያመኛል፣ ውሸት አይደለም። ግን አልጋውን ገና ከበሩ ሳየው ምራቄን ውጫለሁ፤ ይህም ውሸት አይደለም።

ቡድን መሪው ሁለት ሰው የሚበቃውን በላ፣ ጥርሱን በጣቱ ጎረጎረ፣ የወጣለትን ተመለከተና መልሶ ዋጠው። ፊቴን አዞርኩ። ከቦርሳዬ የእንቅልፍ ክኒን አወጣሁ። ይህን ክኒን ለተጫዋቾቹ የከለከልኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ጡንቻ ያደክማል ብዬ ተቆጥቼ። ዋጥኩትና ብርድ ስለምፈራ እጅጌው እስከ ጣቴ የሚደርሰውን ሹራቤን ለብሼ ተጋደምኩ። እንደ ግንድ ተኛሁ። ሽቦ መጥቶ ብርድ ልብሱን ሲያለብሰኝ፣ እጄን ቀስ አድርጎ አንስቶ ሲያስተካክልልኝ በእንቅልፍ ልቤ ትዝ ይለኛል። «ተባረክ» ያልኩትም ይመስለኛል።

ልናርፍ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረን ቀሰቀሰኝ። ፊቴን ታጥቤ ወደ ኋላ ልጆቹን ልጎበኝ ሄድኩ። መተላለፊያው የወደቀ ዳቦ፣ የተረገጠ ቅቤ፣ የተጣለ ካልሲ ነበር። በረኛው በወረቀት ከረጢት ውስጥ እያስታወከ ነው። የሽቦ ወንበር ከመጸዳጃ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ወደኋላ የማይል የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በሁለት ግዙፍ ተከላካዮች መሃል ነበረ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ያ ጠረን ፊቱ ላይ ይመጣል። ጉልበቱ የፊተኛውን ወንበር ተደግፎ ሊሰነጠቅ የደረሰ ይመስላል።

«ተኛህ?» አልኩት።

«እንደ ሕፃን!» አለኝ። ዓይኑ ግን ደም ለብሶ ነበር። አየሁት። የአውሮፕላን አየር ነው ብዬ አለፍኩት።

አሰልጣኙ ሆቴሉ በር ላይ ስልኩን ይዞ ጠበቀን። ሰላም ሳይለኝ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አደረገው። «ጋሼ፣ ይዩልኝማ! ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት፣ በረኛው አርባ ደቂቃ፤ ሽቦ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር! ያሉት አልጋ ሠራ!» ልጆቹ ሰሙ። አንድም ሰው፣ አልጋው ላይ የነበርኩት እኔ እንደሆንኩ አልተነፈሰም፤ ለጋሼ ክብር ብለው ነው። ቡድን መሪውም ፈገግ ብሎ ዝም አለ። እኔም «እንዲያ ነው» አልኩና አፌን ያዝኩ። ሲመሰገኑ ዝም ማለት ትሕትና ይባላል፤ እዚያ ላይ ግን ሌባነት ነበር።

ደግሞ አመንኩት፤ ይህ ነው የሚገርመው። እዚያ ወንበር ላይ ዘጠኝ ሰዓት የሚተኛ ፍጡር እንደሌለ እያወቅኩ፣ ወጣትነት ነው፣ የእህቴ ልጅ ጠንካራ ነው፣ ወደኔ ነው የወጣው አልኩ። ሰላይ ደግሞ አይዋሽም።

ሆቴሉን ባልገልጸው ደስ ይለኝ ነበር። ምንጣፉ ሲረገጥ የሚጣበቅ፣ መጋረጃው የአሥር ዓመት ሲጋራ ያጨሰ፣ የመታጠቢያው ቀዳዳ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጸጉር የጎረሰ ነበር። ሽቦን ለመከታተል ብዬ እሱና እኔ አንድ ክፍል ያዝን። ልጆቹ ደግሞ እንደ ሕመምተኛ ሆኑ። ሊነጋጋ ሲል በካልሲ ኮሪደሩ ላይ ይንሸራሸራሉ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ፊታቸው ሾርባ ሳህን ላይ ይወድቃል። የተራቡት ምግብ በሌለበት ሰዓት ነው፣ ምግብ ሲቀርብ ያንገሸግሻቸዋል። የሚዋደዱ ሰዎች በአንድ ማንኪያ ተጣልተው ተሰዳደቡ። እኔ ክኒኔን ውጬ፣ ሹራቤን ለብሼ፣ ለሽ!

በማግስቱ ጠዋት የግራ እጄ አንጓ አሳከከኝ። እጅጌዬን ስሰበስብ አራት ማዕዘን የሆነ ቀይ ምልክት፣ ዙሪያው ሽፍ ያለ። ትኋን! ደሜ ፈላ። በፒጃማ እንግዳ መቀበያው ድረስ ወርጄ እጄን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጮህኩ።

«ይሄ ሆቴል ነው የትኋን ማርቢያ?»

ልጅቱ ደንግጣ የፅዳት ኃላፊዋን ጠራች። ኃላፊዋ ጠና ያለች፣ እጇ በበረኪና የተላጠ፣ ነገር የማትወድ ሴት ናት። ፍራሼን ገለበጠች፣ ስፌቱን በእጅ ባትሪ አየች፣ አልጋውን ከግድግዳው ሳበች። ምንም የለም። ከዚያ እጄን ያዘችና ወደ መስኮቱ ወሰደችኝ።

«ጌታዬ፣ ትኋን መስመር ይዛ ነው የምትነክሰው። ይሄ የሰዓት ማሰሪያ ነው የሚመስለው። ጎማው ቆዳዎን አልወደደውም።»

«ሰዓት አስሬ አላውቅም!»

«እንግዲህ እኔ ያየሁትን ነው» አለችና አንሶላውን ታቅፋ ወጣች።

ሽቦ ይህ ሁሉ ሲሆን ጫማውን ያስር ነበር። ቀና አላለም። ጫማ ለማሰር ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም፤ ይህንን ያሰብኩት ግን በኋላ ነው። የዚያን ዕለት ያሰብኩት ሴትየዋ ደፋር ናት ብዬ ብቻ ነው።

ሪፖርቱ ምግብ አዳራሹ በር ላይ ተለጥፏል። ሽቦ አንደኛ፣ ሰባት ሰዓት ከአርባ። ልጆቹ እያዩት «አንተ፣ ሞተህ ነው እንዴ የምታድረው?» እያሉ ይቀልዱበታል። በሱ ቦታ የሚፎካከረው ልጅ ሦስት ሰዓት ተኝቶ ፊቱ እንደ ወረቀት ሆኗል።

ከልምምድ በኋላ መታሻ ጠረጴዛው ላይ በደረቱ አስተኛሁት። ዘይት አፈሰስኩ፣ አውራ ጣቴን ጭኑ ላይ አሳረፍኩ። ገመድ። እርጥብ፣ የከረረ ገመድ። ከቂጡ እስከ ጉልበቱ ጀርባ። የድሮው ስንጥቅ ቦታ ጋ ስደርስ ጠረጴዛውን ጨበጠ።

«ያምሃል?»

«ኧረ አያምም። ቀዝቃዛ እጅ ነው ያለዎት።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ያልዋሸችኝ እጄ «ይህ ልጅ አልተኛም» እያለችኝ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ደግሞ ተኝቷል ይላል። እኔም እጄን ትቼ ወረቀቱን አመንኩ። ወረቀት በማመኑ አሰልጣኙን የማማው ሰው! የዚያኑ ዕለት ማታ «ሙሉ ጤነኛ፣ መሰለፍ ይችላል» የሚለው ቅጽ ላይ ፈረምኩ።

በጨዋታው ዕለት ጠዋት አሰልጣኙ ከቁርስ አስነስቶ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ስልኩ ላይ እንደ ተራራ የሚወጣና የሚወርድ መስመር ነበር።

«ሽቦን አሰልፌዋለሁ፣ ጋሼ። ሦስቱንም ሌሊት ከሁሉም በላይ የተኛ እሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ገርሞኛል። ይኸው ይመልከቱ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳል፣ አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይነሳል። ሁልጊዜ አራት አራት ደቂቃ። ልቡም ለወጣት ትንሽ ይፈጥናል። ኩላሊቱን ይመርምሩልኝ እስቲ።»

መስመሩን አየሁት። ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ አንድ ተኩል። ከሃምሳ ዓመቴ ጀምሮ ፊኛዬ የምትቀሰቅሰኝ በነዚህ ሰዓቶች ነው። ዓይኔን ሳልገልጥ፣ ግድግዳ እየዳበስኩ፣ ጠብ ጠብ እስኪል ቆሜ እመለሳለሁ። አሰልጣኙ በጣቱ እያሳየኝ ያለው የኔን ሽንት ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥሩ የኔ ነው። ሰባት ሰዓት ከአርባው የኔ ነው። እጄ ላይ ያለው ትኋን ሳይሆን የሽቦ ሰላይ ምልክት ነው።

«አየዋለሁ» አልኩት።

ሽቦ ክፍላችን ውስጥ ወለሉ ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ እግሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ጣሪያውን ያያል። በሩን ዘጋሁ። እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን አሳየሁት። ቀስ ብሎ እግሩን አውርዶ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአውሮፕላኑ።»

«ብርድ ልብስ ላልብስዎ ብለህ…»

«አልብሼዎታለሁ እኮ» አለኝ። እንደ ሕፃን ነው ያለው፤ አንጀቴን በላው።

«ስንት ሰዓት ተኝተሃል? ሦስቱንም ሌሊት ደምረህ።»

አሰበ። «አራት። አምስት ቢሞላ ነው። ጋሼ፣ ሞክሬያለሁ። ዓይኔን ስጨፍን ልቤ ይሮጣል። ካልተኛሁ አልሰለፍም እላለሁ፣ ያን ስል ጭራሽ ይጠፋል። እርስዎ ደግሞ ሲተኙ…» ሳቅ ሊል ብሎ ተወው።

«ጭንህ ይበጠሳል። እጄ ነግራኛለች።»

«አይበጠስም። ዘጠና ደቂቃ ናት። እርስዎ ዝም ካሉልኝ እዚሁ ይቀራል። ከተናገሩ ግን እኔ አጭበርባሪ ተብዬ እሸኛለሁ፤ እርስዎም…» አልጨረሰውም።

«እኔም ምን?»

«ምንም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ቢጨርሰው ይሻለኝ ነበር። ክብር ሰጥቶኝ በተወው ቦታ ላይ እኔ ራሴ ሞላሁት፦ እርስዎም የታመመ ልጅ አልጋ ላይ ተኝተው ሄዱ ይባላል። ማኅተም ያስመቱበት ወረቀት ይወጣል። የከለከሉት ክኒን ይወጣል። የሠላሳ አንድ ዓመት ስም።

ወደ አሰልጣኙ ክፍል ሄድኩ። ሄጃለሁ፣ ይህን አልዋሽም። በሩ ላይ እጄን አነሳሁ። ውስጥ በስልክ እያወራ ነው፤ «ወጌሻችን ለተጎጂው አልጋ አስፈቅዶ፣ ልጁ አንደኛ ሆነ» ይላል። ሳቁ ይሰማል። «ጭኑ ጠጥሯልና ዛሬ ይረፍ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ስለ ሰላይ፣ ስለ አልጋ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ፣ በሙያዬ ብቻ። ግን ትናንት ማታ ፈርመው ዛሬ ምን ተገኘ ይለኛል፣ ነገር ነገርን ይስባል፣ መጨረሻው አልጋዬ ላይ ይደርሳል። እጄን መለስኩ። ወደ ክፍሌ ስመለስ፣ ልጁ ራሱ ለምኖኝ የለ፣ ውሉም ይታደስለት እያልኩ ነበር። ራሴን እንዲህ ደልዬ አላውቅም።

የመልበሻ ክፍሉ የእርጥብ ሲሚንቶና የሽንት ሽታ ነበረው። ጭኑን ሁለት ጊዜ አሸሁለት፣ አሙቄ አሰርኩለት። መልበሻ ክፍል ውስጥ የሠራሁት ሥራ ሁሉ ትክክል ነበር።

የመጀመሪያውን አጋማሽ ቆመ። እንዲያውም ከሁሉም በላይ ሮጠ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው አንዳንዴ እንደዚያ ነው፣ ድካሙን ራሱ አያውቀውም። አሰልጣኙ ወደኔ ዞሮ አውራ ጣቱን አሳየኝ። በሃምሳ ስምንተኛው ደቂቃ ኳስ በመስመሩ ተለቀቀችለት። ሦስት እርምጃ ሮጠ፣ አራተኛው ላይ አንድ ሰው ከኋላ በድንጋይ የመታው ይመስል ጭኑን ይዞ በግንባሩ ተደፋ። ማንም አልነካውም።

ቦርሳዬን ይዤ ሮጥኩ። አፉ ሣር ጎርሷል። እጄን ጭኑ ላይ ሳሳርፍ ገመዱ የለም፤ ጡንቻው ወደ ላይ ተሰብስቦ እብጠት ሠርቷል፣ ከሥሩ ጣቴ የሚገባበት ጉድጓድ። ከልጅነቱ በኋላ ጠርቶኝ በማያውቅበት ስም ጠራኝ።

«አጎቴ» አለኝ፤ «ያዘኝ። አትልቀቀኝ።»

መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ በደረቱ አስተኝቼው በረዶ ያዝኩለት። ጨዋታው እኩል ለእኩል አልቆ ልጆቹ ገቡ፣ ላባቸውን እያንጠባጠቡ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ቡድን መሪው ሙዝ እየላጠ ገባ። ገመጠና፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ «በተፈጥሮው ደካማ ጡንቻ ነው» አለ። የሙዙ ፍርፋሪ የሽቦ ጀርባ ላይ ወደቀ። በፎጣ ጠረግኩት።

አሰልጣኙ ዘግየት ብሎ መጣ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ጠረጴዛው ጋ መጥቶ ሽቦን በትከሻው ነካው።

«አይዞህ። ጥፋትህ አይደለም» አለው። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ደክሞት ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ማጣት ነው፣ ጉዞ ነው፣ ይድናል እል ነበር። በሚቀጥለው እጠብቀዋለሁ እል ነበር። ግን የተኛው እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ሳይተኛ ቆመ፣ እሱ ብቻ ጠግቦ ተኝቶ ተበጠሰ። ተኝቶም የሚበጠስ እግር ይዤ ሌላ ዓመት መጓዝ አልችልም። ውሉን አላድስም። ለባለሙያ ነው የምጠይቀው፤ ተሳስቻለሁ?»

ውሃ ከቧንቧው ይንጠባጠባል። ልጆቹ፣ ጋሼ ይተኙ ብለው የተንጫጩት ልጆች፣ አንገታቸውን ደፍተዋል። ሽቦ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለና አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። ፈቃድ እየጠየቀኝ ነበር። እሱ ከተናገረ እኔን ማሳጣቱ ነው፣ ስለዚህ እኔ እስክጀምር ይጠብቃል። አንዲት ቃል ብቻ፤ ያ እንቅልፍ የኔ ነው ማለት ብቻ። ልጁ ስላልተኛ ነው የተበጠሰው፣ ቢተኛ ይድናል። አጭበርባሪም ቢባል እግሩ ግን ይተርፍለታል፤ ሌላ ቡድን ይወስደዋል። «ተኝቶም ይበጠሳል» የተባለን እግር ግን የሚወስድ የለም።

«ሙያው… የሚለው እሱን ነው» አልኩ። «ጡንቻው ስስ ነው።»

ሽቦ ጥቂት አየኝና ፊቱን መልሶ ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ወዲያው ተኛ። ሰው ሁሉ እያለ፣ ብርሃኑ በርቶ፣ አፉ ተከፍቶ፣ እንደ ሞተ ሰው ተኛ።

ፋሻውን አወጣሁ። ከጉልበቱ ጀምሬ ወደ ላይ ጠቀለልኩለት፣ ሳላጠብቅ፣ ሳላላላ፣ ዙሩን አንዱን በአንዱ ላይ እኩል እየደረብኩ። ደህና አድርጌ ነው የጠቀለልኩት። በሙያዬ ታምቼ አላውቅም።